የመንገድ ዳር ማዕድ፦ የካናዳ ፕሬሪና «የአካባቢ ምግብ» ትርጉም

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የምሽት ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ ከሩቅ ሲያዩት የዕረፍት ጊዜ ጨዋታ ይመስላል፤ አንድ ቤተሰብ በመኪና ሰፊ ሜዳ ሲያቋርጥ በየደረሰበት ስለሚቀምሰው ምግብ ነው። ይሁን እንጂ ምግብ የሚጠናው በወጥ ቤት ብቻ አይደለም። የመሬት ሕግ፣ የስደት ታሪክ፣ የዕፅዋት ሳይንስና የረኃብ ፖለቲካ በአንድ ሳሕን ላይ ይገናኛሉ። እነዚህን ነገሮች በየትምህርት ክፍላችን ለየብቻ እናስተምራቸዋለን፤ መንገደኛው ግን በአንድ ጉርሻ ያገኛቸዋል።

«የአካባቢ ምግብ» የሚለው ሐረግ ዛሬ በየምግብ ቤቱና በየአስጎብኚ ድርጅቱ ይነገራል። ትርጉሙን ስንጠየቅ አብዛኞቻችን «በዚያው ምድር የበቀለ» ብለን እንመልሳለን። እኔ ዛሬ የማስረዳው ይህ መልስ እንደማይበቃ ነው። የአካባቢ ምግብ በአንድ አፈር ላይ ለመኖር የታገሉ ሰዎች ለችግራቸው ያገኙትና ለልጆቻቸው ያወረሱት መፍትሔ ነው። ስለዚህ በማንኛውም ማዕድ ፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንድንጠይቅ እመክራለሁ። ምድሪቱ ምን አበቀለች? ምግቡን ማን ይዞት መጣ? ከማዕዱስ ማን ተገለለ?

ጥያቄዎቹን የምፈትንበት ቦታ የካናዳ ፕሬሪ ነው። ፕሬሪ ማለት ከማኒቶባ ምሥራቃዊ ደኖች ጀምሮ ሳስካችዋንን አቋርጦ እስከ አልበርታ፣ እስከ ሮኪ ተራሮች ግርጌ የሚደርስ የሣር ሜዳ ነው። ከዊኒፔግ እስከ ካልጋሪ በትራንስ ካናዳ አውራ ጎዳና ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር በሐምሌ ወር ተጉዤበታለሁና አንዳንድ ነገር ካየሁት እጨምራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስንቅ

ከጉዞ ሁሉ በፊት ስንቅ ይቀድማል። እናቴ ከቤት ስንወጣ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ነበር፤ በየመቶ ኪሎ ሜትሩ ነዳጅ ማደያና ምግብ ቤት እንዳለ ብንነግራትም አልሰማችንም። በዚህ ረገድ የፕሬሪውን ነባር ሕዝቦች ጠባይ ይዛለች ማለት ይቻላል፤ የዚያች ምድር የመጀመሪያ ታላቅ ምግብ ስንቅ ነውና።

ስሙ ፔሚካን ይባላል። ቃሉ ከክሪ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ሥሩ «ስብ» የሚለው ቃል ነው። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ባይሰን የተባለው የአሜሪካ ጎሽ ሥጋ በስሱ ተዘልዝሎ እንደ ቋንጣ ይደርቃል፤ ከዚያ ተወቅጦ ይደቅቃል፤ በላዩም የቀለጠ ስብ ይፈስበታል። አንዳንዴ ሳስካቱን የተባለው የዱር ፍሬ ደርቆ ይጨመርበታል። ድብልቁ በቆዳ ከረጢት ተጠቅጥቆ ሲዘጋ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምግብን የሚያበላሹት ረቂቅ ሕዋሳት ውኃ ይሻሉ፤ ማድረቁ ውኃውን ይነሣቸዋል፤ ስቡ ደግሞ አየርንና እርጥበትን ያግዳል። የኛው ጭኮ፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ ለመንገድ ሲያዝ፣ በዚሁ መርሕ ይሠራል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ ለአንድ ችግር አንድ ዓይነት መፍትሔ አግኝተዋል።

አንዱ ከረጢት ወደ 40 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። የጸጉር ነጋዴዎች ታንኳ ቀዛፊዎች ይህን ስንቅ ባያገኙ ኖሮ ከሐይቅ ሐይቅ፣ ከወንዝ ወንዝ እየተሻገሩ አህጉሩን ሊያቋርጡ ባልቻሉም ነበር። ስለዚህ ፔሚካንን የያዘ ንግዱን ይይዝ ነበር። የቀይ ወንዝ ሰፈር ገዢ በ1814 ፔሚካን ከግዛቱ እንዳይወጣ አዋጅ ባወጣ ጊዜ፣ ምግቡን አዘጋጅተው ይሸጡ የነበሩት ሜቲ የተባሉት ሕዝቦች ተቃወሙ፤ ሜቲዎች ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን ነጋዴዎች የተወለዱ ናቸው። ጠቡ እየከረረ ሄዶ በ1816 ዛሬ ዊኒፔግ በምትገኝበት አካባቢ ተኩስ ተከፈተ፤ በወቅቱ የነበረውን ገዢ ጨምሮ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። በስንቅ ሰበብ ደም ፈሰሰ ማለት ነው።

ዛሬ መንገደኛ ቤተሰብ ፔሚካንን በቀላሉ አያገኝም። ሳስካቱን ፍሬ ግን በሐምሌ ወር በየገበያው አለ። መልኩ እንደ አጋም ጠቆር ያለ ሐምራዊ ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ ከኋላው የለውዝ ዓይነት ቃና ይከተላል። ብዙ ጊዜ በሊጥ ተሸፍኖ ተጋግሮ ፓይ ሆኖ ይቀርባል። ፍሬው የክሪዎች ነው፤ አጋገሩ የአውሮፓውያን ነው፤ ትልቋ የሳስካቱን ከተማም ስሟን ያገኘችው ከፍሬው ነው።

ቢጫው ማሳ

ከዊኒፔግ ወደ ምዕራብ ሲነዱ፣ ብራንደን አቅራቢያ፣ ሐምሌ ላይ ምድሩ ቢጫ ይሆናል። እናቴ በመስኮቱ አይታ «ይህ ሁሉ ጎመን ዘር ነው» አለች። ልጆቼ ሣቁ፤ ካኖላ እንደሚባል በስልካቸው አንብበው ነበር። እኔ ግን ወደ ሳይንሱ ስመለስ እናቴ ከእውነቱ ብዙ እንዳልራቀች አየሁ።

በ1935 ናጋሃሩ ኡ የተባለ ተመራማሪ የጎመን ወገኖችን ዝምድና አስረድቶ ነበር። በዚህ ትንታኔ መሠረት የእኛው ጎመን ዘር የተገኘው ጥቁር ሰናፍጭና ጥቅል ጎመን የሚመደብበት ዝርያ ተዳቅለው ነው። ካኖላ የሚወጣበት ዝርያ ደግሞ ይኸው የጥቅል ጎመን ወገን ከሌላ የጎመን ዘመድ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተክሎች በአንድ ወላጅ ይገናኛሉ፤ በእኛ አነጋገር የአንድ ወገን ወንድማማቾች ናቸው።

ካኖላ ራሱ የቅርብ ጊዜ ፍጥረት ነው። ቀድሞ ከዚህ ተክል የሚወጣው ዘይት ኤሩሲክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ለምግብ ተመራጭ አልነበረም። በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ባልዱር ስቴፋንሰን፣ በሳስካቱን ደግሞ ኪት ዳውኒ ባካሄዱት የማዳቀል ሥራ ንጥረ ነገሩ የቀነሰበት ዝርያ በ1970ዎቹ ተገኘ። ስሙም ከካናዳና ከዘይት ተቀናብሮ ወጣለት።

የእኛው ጎመን ዘር ግን ኤሩሲክ አሲዱን እንደያዘ ቀርቷል። እናቶቻችን ፍሬውን አድቅቀው ምጣድ የሚያሰሱበት፣ ቅጠሉን ደግሞ ቀቅለው የሚበሉት ይህንኑ ተክል ነው። የሚገርመው ለገበታ ዘይት ጉድለት የተባለው ጠባይ ለሌላ ጥቅም በጎ መሆኑ ነው። ተክሉ በካናዳ ፕሬሪ ደረቅ መሬት ላይ ተዘርቶ፣ ከዘይቱ የአውሮፕላን ነዳጅ ተሠራ። ጥቅምት 29 ቀን 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት አንድ ጄት አውሮፕላን በዚህ ነዳጅ ብቻ ኦታዋ ላይ አብርሯል። ከኢትዮጵያ ደጋ የተነሣ ተክል በዚያ ሜዳ ቦታ አግኝቷል፤ እናቴም በመስኮቱ ያወቀችው ዝምድናውን ነው።

የዳቦው ስንዴ

ሳስካችዋን ገብተው ወደ ሬጃይና ሲቃረቡ ኢንዲያን ሄድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። መንገደኛ ነዳጅ ቀድቶ ሊያልፋት ይችላል፤ ለዳቦ ታሪክ ግን ታላቅ ስፍራ ናት።

የካናዳ መንግሥት በ1872 ባወጣው የመሬት ሕግ አንድ ሰፋሪ 10 ዶላር ከፍሎ 160 ኤከር፣ ማለትም ወደ 65 ሔክታር የሚጠጋ መሬት ማግኘት ይችል ነበር፤ ግዴታው በላዩ መኖርና ማረስ ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1885 ተጠናቀቀ። መሬትና ባቡር ቢኖሩም በጋው አጭር ነበር። ሬድ ፋይፍ የተባለው ነባሩ ስንዴ ብዙ ጊዜ ሳይደርስ ውርጭ ይቀድመው ነበር።

መፍትሔው ከሩቅ መጣ። ሬድ ፋይፍ ራሱ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ ነው፤ እሱም ቀድሞ ከሚደርስ የህንድ ስንዴ ጋር ተዳቀለ። ቻርልስ ሳንደርስ የተባለው ተመራማሪ ኦታዋ ላይ ከዲቃሎቹ መካከል ምርጡን የለየው ፍሬውን በጥርሱ እያኘከ ነበር፤ ሲታኘክ እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው ጥሩ ዳቦ እንደሚሆን ያውቃልና። ማርኪስ የተባለው ይህ ስንዴ በ1907 ኢንዲያን ሄድ በሚገኘው የሙከራ እርሻ ተዘራ። ከሬድ ፋይፍ አንድ ሳምንት ያህል ቀድሞ ደረሰ። ሳምንት ትንሽ ጊዜ ይመስላል፤ በፕሬሪ ግን በመከርና በኪሳራ መካከል ያለውን ርቀት ያህላል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በፕሬሪው ከሚዘራው የጸደይ ስንዴ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ማርኪስ ነበር። በየባቡር ጣቢያው አጠገብ የቆሙት ከፍ ከፍ ያሉ የእንጨት ጎተራዎችም በ1930ዎቹ ከ5,000 በላይ ደርሰው ነበር፤ ዛሬ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው።

እንግዲህ በዚያ መንገድ ዳር የሚበላው ዳቦ «የአካባቢ» ነው ስንል፣ የህንድና የምሥራቅ አውሮፓ ልጅ የሆነ እህል በካናዳ ቤተ ሙከራ ተመርጦ በፕሬሪ አፈር እንደበቀለ ማስታወስ አለብን።

ድንች በሊጥ ውስጥ

ሁለተኛውን ጥያቄ፣ «ማን ይዞት መጣ?» የሚለውን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚመልሰው ፔሮጊ ነው። ከስንዴ ሊጥ ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል፤ የተፈጨ ድንች ከአይብ ጋር ይሞላበታል፤ ጠርዙ ተጣብቆ ይቀቀላል፤ በቅቤ በተጠበሰ ሽንኩርትና በጎምዛዛ ክሬም ይበላል። በፕሬሪ ከተሞች የማያውቀው ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ያመጡት ዩክሬናውያን ናቸው። ከ1891 እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ወደ 170,000 የሚገመቱ ወደ ካናዳ ፈለሱ። ብዙዎቹ ከጠባብ የእርሻ ቁራሽ የመጡ ስለነበሩ 160 ኤከር ለእነርሱ የባለጸጋ ርስት ነበር። ሌሎች ሰፋሪዎች ዛፍ የሌለውን ሜዳ ሲመርጡ፣ እነርሱ ግን ዛፍ ያለበትን የሰሜኑን ዳርቻ ፈለጉ፤ ማገዶና የቤት እንጨት በአገራቸው ውድ ነበርና። ፔሮጊ ለዚህ ኑሮ የሚመች ምግብ ነው። ዱቄትና ድንች ከማሳ ይገኛል፤ አይብ ከላሟ፤ የጎደለው የብዙ እጅ ሥራ ነው፤ ያም በጎረቤት ይሟላል። እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ ሴቶች በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስበው በመቶዎች እየጠቀለሉ ይሠሩታል።

ለእኛ አድማጮች የሚቀርብ ሌላ ነገርም አለ። የጁልያንን አቆጣጠር የተከተሉ ዩክሬናውያን ገናን እንደ እኛ ጥር 7 ያከብራሉ፤ በዋዜማው ሥጋና የወተት ተዋጽኦ የሌለባቸው 12 ዓይነት ምግቦች ይቀርባሉ፤ ከእነርሱም አንዱ አይብ የሌለበት ፔሮጊ ነው። ጾም ምግብን እንዴት እንደሚያበዛ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም።

የሙስ ጆ ምግብ ቤት

ከሬጃይና ጥቂት እንደተጓዙ ሙስ ጆ ይደርሳል። በፕሬሪ ትንንሽ ከተሞች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በዋናው መንገድ ላይ በቻይናውያን የተከፈተ ምግብ ቤት ነበር። ማለዳ ለገበሬዎች ዕንቁላልና ቡና፣ ቀን ሳንድዊች፣ ማታ ደግሞ ለአካባቢው አፍ የተስማማ የቻይና ምግብ ይቀርብበታል። ብዙ መንደሮች ሰው የሚገናኝበት ሌላ ቤት አልነበራቸውም።

ከዚህ በስተጀርባ ሦስተኛው ጥያቄ አለ። የካናዳን የባቡር ሐዲድ በምዕራብ ተራሮች ከሠሩት ብዙዎቹ ቻይናውያን ነበሩ። ሐዲዱ ባለቀበት በ1885 በአብዛኞቹ በሚገቡ ቻይናውያን ላይ 50 ዶላር የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ፤ በ1903 ወደ 500 ዶላር አደገ። ከ1923 እስከ 1947 ደግሞ መግባት ጭራሹን ተከለከለ ማለት ይቻላል። ውጤቱ ምን ሆነ? ለሌላው ቤተሰብ ምግብ የሚያቀርበው ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ማምጣት አልቻለም። ብዙዎች ዕድሜያቸውን ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ብቻቸውን ገፉ።

ሳስካችዋን በ1912 ቻይናውያን አሠሪዎች ነጭ ሴቶችን እንዳይቀጥሩ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ኩዎንግ ዊንግ የተባለ የሙስ ጆ ባለ ምግብ ቤት ነጭ አስተናጋጆች ቀጥረሃል ተብሎ ተቀጣ፤ በሕግ ዜግነት ያገኘ ሰው ነው። ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢያደርሰውም በ1914 ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸናው። የሕግ ተማሪዎቻችን ይህን መዝገብ ቢያነቡት፣ አንድ ሳሕን ሩዝ ስንት የፍርድ ቤት ወረቀት እንደሚሸከም ይረዳሉ።

የሚሸጥና የሚበላ

ከሙስ ጆ ወደ ስዊፍት ከረንት ያለው ምድር ደረቅ ነው። በ1857 እና በ1860 መካከል አገሩን ያጠናው ጆን ፓሊሰር ይህን ቀጠና ለእርሻ የማይመች ብሎት ነበር። ዛሬ ግን የመኮሮኒና የፓስታ ስንዴ የሆነው ዱረም፣ ሰናፍጭና ምስር የሚበቅሉት እዚህ ነው።

የምስሩ ታሪክ ግማሽ ምዕተ ዓመት ብቻ ያህል ነው። በ1960ዎቹ ማብቂያ ስንዴ ገበያ አጥቶ በየጎተራው ተከማቸ፤ በ1970 መንግሥት ስንዴ ላልዘሩ ገበሬዎች እስከ መክፈል ደረሰ። ሌላ ሰብል መፈለግ ግድ ሆነ። በሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ አል ስሊንካርድ የተባሉ አዳቃይ በምስር ላይ ሠርተው በ1978 ሌርድ የተባለውን ዝርያ አወጡ። ምስር የራሱን ናይትሮጅን ከአየር ስለሚያገኝ ማዳበሪያ ይቆጥባል፤ እርጥበቱም ጥቂት ይበቃዋል። ዛሬ ካናዳ ከዓለም ቀዳሚ የምስር ላኪ ናት፤ ምርቱም በአብዛኛው የሳስካችዋን ነው። ወደ ህንድ፣ ወደ ቱርክ፣ ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ይጫናል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ እክል ይገጥመዋል። በምስር ማሳዎች መካከል ስንነዳ ውለን በቆምንባቸው ምግብ ቤቶች የምግብ ዝርዝር ላይ አንድም የምስር ምግብ አላገኘንም። ትንሿ ልጄ «ታዲያ ምስሩን ማን ይበላዋል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ የምጣኔ ሀብት ጥያቄ ነው። ማሳው የሚዘራው ለሩቅ ገበያ ነው፤ ማዕዱ የሚዘረጋው በቅርብ ትዝታ ነው። ሁለቱ በአንድ ቦታ ቢኖሩም ላይገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ «የበቀለው ሁሉ የአካባቢ ምግብ ነው» የሚለው ትርጉም በዚያች ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይፈርሳል።

ሳይፕረስ ሂልስ

ከአውራ ጎዳናው በስተደቡብ፣ በሳስካችዋንና በአልበርታ ድንበር ላይ፣ ከሜዳው መካከል ደን የለበሱ ኮረብታዎች ይነሣሉ። ቤተሰቦች ድንኳን ይዘው የሚዝናኑበት ውብ ቦታ ነው። ስለ ፕሬሪ ማዕድ ሲነገር ይህን ስፍራ መዝለል አይገባም።

ቀድሞ በሰሜን አሜሪካ ወደ 30 ሚሊዮን ይገመት የነበረው ባይሰን፣ በ1880ዎቹ ማብቂያ ከ1,000 በታች ቀርቶ ነበር። ቆዳውን ለንግድ በፈለጉ አዳኞች ተጨፈጨፈ። የሜዳው ሕዝቦች ሥጋቸው፣ ልብሳቸው፣ ድንኳናቸው ከእርሱ ነበር። በ1876 የተፈረመው ስድስተኛው ውል ረኃብና ቸነፈር ሲመጣ መንግሥት እንደሚረዳ የሚል አንቀጽ ነበረው። ረኃቡ መጣ። በ1882 እና በ1883 ግን የመንግሥት ሹማምንት በሳይፕረስ ሂልስ ለተሰበሰቡት ሕዝቦች ቀለብ ነፈጉ፤ ዓላማው ከባቡሩ መስመርና ከድንበሩ ርቀው ወደ ተከለለላቸው ቦታ እንዲሄዱ ማስገደድ ነበር። ውሉን ስድስት ዓመት ሙሉ አልፈርምም ብሎ የቆየው የክሪ አለቃ ቢግ ቤር በታኅሣሥ 1882 በዚያው ፈረመ፤ ተከታዮቹ በረኃብ እያለቁ ነበር። ታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ዳሹክ በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው አስረድቷል።

መሬት ከተከለለላቸውም በኋላ ማረስ የጀመሩት ሰዎች ተሰናከሉ። ከ1889 ጀምሮ የነባር ሕዝቦች ገበሬዎች በማሽን እንዳያጭዱ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ እንዲሠሩ የሚያስገድድ መመሪያ ተግባራዊ ሆነ። ማርኪስ ስንዴ ያበለጸገው ምድር የእነርሱ ነበር፤ ከትርፉ ግን ተገለሉ።

ከዚያ ዘመን የተረፈው ምግብ ባኖክ ነው። ስሙ ከስኮትላንድ ነጋዴዎች የመጣ ሲሆን፣ በቀለብ ከሚታደል ዱቄትና ስብ ይጋገራል ወይም ይጠበሳል፤ እንደ ወፍራም ቂጣ ነው። ዛሬ በየበዓሉና በየመንገዱ ይሸጣል፤ ትኩሱ ከሳስካቱን ማርማላታ ጋር እጅግ ይጥማል። ከነባር ሕዝቦች መካከል የጽናታችን ምልክት ነው የሚሉት አሉ፤ የቀለብ ዘመን ማስታወሻ ነው ብለው የሚሸሹትም አሉ። ሁለቱም ስለ አንድ ምግብ እውነት ይናገራሉ። እንግዳ የሆነ ሰው ተገቢው ድርሻው በምስጋና መብላትና ሁለቱንም መስማት ይመስለኛል።

ባይሰኑ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በ2005 ከአልበርታ የመጣ መንጋ በደቡብ ሳስካችዋን በሚገኘው የሣር ምድር ብሔራዊ ፓርክ እንዲሰፍር ተደርጓል። ከድንበሩ በሁለቱም ወገን ያሉ ነባር ሕዝቦችም በ2014 ባይሰንን ወደ ምድሩ ለመመለስ የጋራ ውል ተፈራርመዋል።

ካልጋሪና ማጠቃለያ

መንገዱ ካልጋሪ ሲደርስ ተራሮቹ ከሩቅ ይታያሉ። የከተማይቱ መታወቂያ ምን እንደሆነ ብትጠይቁ ብዙዎች ጂንጀር ቢፍ ይሏችኋል፤ በስሱ ተቆርጦ ተጠብሶ በዝንጅብል መረቅ የሚለወስ የበሬ ሥጋ ነው። በ1970ዎቹ በአንድ የቻይና ምግብ ቤት እዚያው ካልጋሪ ውስጥ የተፈለሰፈ ነው፤ የአልበርታ ከብት፣ የስደተኛ ብልኃት። በዚያችው ከተማ የወገኖቻችን ምግብ ቤቶችም አሉ። ካናዳ ተወልደው ያደጉ ልጆች ምስር ወጥ በእንጀራ ሲበሉ አየሁ፤ ምስሩ ምናልባት አንድ ቀን መንገድ ርቆ ከበቀለው ነው። ማሳና ማዕድ ሳይገናኙ ከቀሩበት ከስዊፍት ከረንት በኋላ፣ ሁለቱን ሊያገናኝ የቻለው የሐበሻ ገበታ ነው። ያ ወጥ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የፕሬሪ ምግብ ተብሎ ቢጠራ አይደንቀኝም፤ ፔሮጊም በዚሁ መንገድ ተጉዟልና።

ውድ ተማሪዎች፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ለካናዳ ብቻ የሚበቁ አይደሉም። በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፤ ዛሬ ግን ያለ እርሱ የእኛን ወጥ የሚያስብ የለም። ድንችም እንዲሁ ከአንዲስ ተራሮች ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በዩክሬናዊቷ ሊጥ ውስጥም በእኛ ደጋ ማሳም ገብቷል። ለበዓል ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ አውቶቡሱ ለምሳ በሚቆምባቸው ከተሞች ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች ያዙ። ምድሩ ምን ያበቅላል፣ የሚበላውስ ለምን ከዚያ ይለያል? ይህን ወጥ ማን አመጣው? በመንገዱ ዳር ቆመው ቆሎና ፍራፍሬ የሚሸጡት ልጆች ከዚህ ማዕድ ይበላሉ ወይስ ያያሉ? መልሱን የምታገኙት በአብዛኛው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከምድጃው አጠገብ ካሉት ሴቶች፣ ከሾፌሮችና ከእናቶቻችሁ ነው። እነርሱ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ ጻፉትም። በዚህ ዘርፍ የሚያስፈልገን የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙ ነው፤ ባለ ዕውቀቶቹ ግን በየዓመቱ እያነሱ ናቸው።

 አሁን ጥያቄና አስተያየታችሁን እቀበላለሁ።